«መቼ አወቁ?» የወረርሽኝ ዘመን ሙግትና የልዩ አዋቂ ምስክርነት

የመታሰቢያ መጽሔቱ አዘጋጆች «ከየሙያችሁ አንድ የታሪክ ጽሑፍ አዋጡ» ሲሉን መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ወባ ለመጻፍ ነበር። ሃያ ዓመት የሠራሁበት ነገር ስለሆነ ብዙም አያደክመኝም። በኋላ ግን የስም ዝርዝሩን ሳገላብጥ፣ ስድስት ኪሎ አንደኛ ዓመት ላይ በአንድ ክፍል ያደርንበትን ጓደኛዬን ስም አየሁ። እሱ ወደ ሕግ ሄደ፣ እኔ አራት ኪሎ ወርጄ ባዮሎጂ ተማርኩ፣ ከዚያም ወደ ኅብረተሰብ ጤና ገባሁ። በ1987 ዓ.ም. አብረን ተመረቅን። ከ2013 ጀምሮ ግን አልተነጋገርንም። ምክንያቱ ደግሞ ወረርሽኙ ነው፤ በሽታው ሳይሆን በሽታው ያመጣው ሙግት። ስለዚህ ወባውን ትቼ ስለዚህ ልጻፍ ብዬ ተነሣሁ። የሕግ ምሩቃን ከሙያዬ ውጭ ስገባ ብትሰሙኝ ታገሡኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የማተሚያ ማሽን አስመጪ ድርጅት በየካቲት 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከአንድ ደንበኛ ጋር ውል ይፈርማል። ማሽኑ ከቻይና መጥቶ እስከ ግንቦት መጨረሻ ተተክሎ ሥራ እንዲጀምር፣ ከዘገየ በየቀኑ የሚቆጠር ቅጣት እንዲከፈል ይስማማሉ። ማሽኑ የመጣው በቀጣዩ ዓመት ነው። ደንበኛው «ቅጣቴን» አለ። አስመጪው «ወረርሽኝ ነው፣ ከአቅም በላይ ነው» አለ። ጉዳዩ ወደ ግልግል ዳኝነት ሄደ። የአስመጪው ጠበቃ ያ ጓደኛዬ ነበር። ስልክ ደወለልኝ። «አንተ የበሽታ ሰው ነህ፤ ይህን ነገር ማንም ሊገምተው እንደማይችል ጽፈህ ስጠኝ፤ ልዩ አዋቂ ሆነህ ትቀርባለህ» አለኝ። ክፍያም ነበረው። እሺ አልኩ።

ልዩ አዋቂ የሚለውን ቃል እስከዚያ ቀን ድረስ በደንብ አላሰብኩበትም ነበር። ተራ ምስክር ያየውንና የሰማውን ይናገራል እንጂ አስተያየቱን አይጠየቅም። ልዩ አዋቂ ግን ያላየውን ነገር እንኳ በሙያው መዝኖ አስተያየት እንዲሰጥ የሚፈቀድለት ሰው ነው። ሐኪሙ ስለ ቁስሉ፣ መሐንዲሱ ስለ ተሰነጠቀው ግድግዳ፣ ሒሳብ አዋቂው ስለ መዝገቡ። ይህ ትልቅ መብት ነው፤ ዳኛው የማያውቀውን ነገር የምታሳውቀው አንተ ነህና። የ1958 የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ለልዩ አዋቂ በር ከፍቷል። ነገር ግን ራሱን የቻለ የማስረጃ ሕግ ሳይኖረን ብዙ ዘመን ኖረናል። እና ልዩ አዋቂ ማን ነው፣ ማን ይመርጠው፣ ማን ይክፈለው፣ ወገን የያዘ እንደሆነ ምን ይደረግ የሚለው በአብዛኛው ለልምድና ለዳኛው ብልሃት የተተወ ነው። ሕጉ የተወውን ተረታችን ሞልቶታል፦ ውሻ በበላበት ይጮኻል።

ክርክሩ የሚሽከረከረው በፍትሐ ብሔር ሕጉ ሦስት አንቀጾች ላይ ነበር፤ 1792፣ 1793 እና 1794። ይህ ሕግ ፈረንሳዊው ምሁር ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት፣ በ1952 ዓ.ም. የታወጀው ነው። ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል ለመባል ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንደኛ፣ ባለዕዳው በተለመደ ሁኔታ አስቀድሞ ሊገምተው የማይችል ነገር መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ ግዴታውን እንዳይፈጽም በፍጹም የሚያግደው መሆን አለበት። ሥራውን ከባድ ወይም ውድ ያደረገ ነገር ሁሉ አይበቃም። አንቀጽ 1793 ምሳሌ ይዘረዝራል፦ የመንግሥት ክልከላ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ መብረቅ፣ ጎርፍ፣ ጦርነት፣ የባለዕዳው የራሱ ሞት ወይም ያልታሰበ ጽኑ ሕመም። ወረርሽኝ የሚል ቃል በዝርዝሩ ውስጥ የለም። አንቀጽ 1794 ደግሞ የጥሬ ዕቃ ዋጋ መናርን የመሰለውን ነገር ከአቅም በላይ አይደለም ብሎ ያስወጣዋል።

ስለዚህ በዚያ ዘመን የተነሡት ብዙ ክርክሮች ዞረው ዞረው አንድ ጥያቄ ላይ ይወድቃሉ፦ ይህ ነገር መቼ ታወቀ? የመጀመሪያው ታማሚ አገራችን ውስጥ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነው። የሚኒስትሮች ምክር ቤት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ያወጣው መጋቢት 30 ነው። ከአዋጁ በኋላ የመጣው የማስፈጸሚያ ደንብ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን ከለከለ፣ ተከራይ ማስወጣትንና ሠራተኛ ማሰናበትን አገደ። ከእነዚህ ቀናት በፊት የተፈረመ ውልና ከእነሱ በኋላ የተፈረመ ውል አንድ አይደሉም።

በሌላ አገርም የወረርሽኝ ሙግት የቆየ ነው። ሲጠቀስ የሚኖረው የአሜሪካኑ የጃኮብሰን ጉዳይ ነው። በማሳቹሴትስ ግዛት ካምብሪጅ ከተማ የሚኖር የስዊድን ተወላጅ ቄስ፣ የፈንጣጣ ክትባት አልከተብም ብሎ 5 ዶላር ተቀጣ። ክትባቱ ጉዳት እንዳለው በማስረጃ ላሳይ ቢልም የሥር ፍርድ ቤቱ አልሰማውም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1905 እ.ኤ.አ. 7 ለ 2 ፈረደበት። የክትባት ጥቅም በሕዝብም በሐኪሞችም ዘንድ የታወቀ ነገር ነው፣ በየክርክሩ እንደ አዲስ የሚረጋገጥ አይደለም የሚል መንፈስ ነበረው ፍርዱ። እኔ በሙያዬ በውጤቱ እስማማለሁ። ነገር ግን ያንን ጉዳይ ባነበብኩ ቁጥር አንድ ነገር ይከነክነኛል። ፍርድ ቤት «የታወቀ ነው» ብሎ በሩን ሲዘጋ፣ የታወቀውን ማን አሳወቀው? ፈንጣጣ ላይ እውነቱ ጠርቶ ነበር። አዲስ በሽታ ላይ ግን የመጀመሪያዎቹ ወራት እንደዚያ አይጠሩም።

የእኛው አገር ትልቁ የወረርሽኝ ክርክር ግን የቅጣትም የውልም አልነበረም። የምርጫ ነበር። ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ነሐሴ 23 ቀን 2012 ሊደረግ የታቀደውን ምርጫ በወረርሽኙ ምክንያት በቀኑ ማካሄድ እንደማይችል መጋቢት 22 አስታወቀ። ሕገ መንግሥቱ ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ዘመን አምስት ዓመት ነው፣ ዘመኑ ከማብቃቱ ከአንድ ወር በፊት ምርጫው መጠናቀቅ አለበት ይላል። ታዲያ ምርጫ ካልተደረገ ማን ያስተዳድር? መንግሥት አራት አማራጭ አቀረበ፦ ምክር ቤቱን መበተን፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ፣ ሕገ መንግሥቱን ማሻሻል፣ ወይም ሕገ መንግሥቱን መተርጎም። ምክር ቤቱ ሚያዝያ 27 ቀን የመጨረሻውን መረጠ። አንቀጽ 54፣ 58 እና 93 ይተርጎሙልኝ ብሎ ጥያቄውን ላከ።

ጥያቄው የደረሰው ለሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባዔ ነው። 11 አባላት ያሉት፣ በፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሚመራ አካል ነው፤ በጊዜው ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ነበሩ። የመጨረሻው ውሳኔ ግን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ጉባዔው በግንቦት ወር ከዚህ በፊት አይቼው የማላውቀውን ነገር አደረገ። የሕገ መንግሥት ምሁራንን በጽሑፍም በቃልም አስተያየት ስጡ ብሎ ጠራ፤ ቃላቸውንም በቴሌቪዥን አስተላለፈ። እኛ ቤት ተቀምጠን፣ ጭምብላችንን ጠረጴዛ ላይ አድርገን፣ የሕግ መምህራን እየተነሡ ሲጠየቁ አየን። ባለቤቴ «ይህ ከእግር ኳስ ይሻላል» ስትል ትዝ ይለኛል። እውነትም ለአንድ አገር ኩራት የሚሆን ነገር ነበረው። ዳኞች ጠየቁ፣ ምሁራን መለሱ። ሁሉም አንድ ቃል አልተናገሩም። ሕገ መንግሥቱ ክፍተት አለው፣ ይተረጎም ያሉ ነበሩ። ግልጽ ቃል አይተረጎምም፣ ሌላ መንገድ ይፈለግ ያሉም ነበሩ።

እዚህ ላይ የሕግ ጓደኞቼ ያስተማሩኝን ልጥቀስ። በልማድ ልዩ አዋቂ የሚጠራው ዳኛው ለማያውቀው ነገር ነው፤ ሕግ ግን ዳኛው ራሱ የሚያውቀው ነገር ነው ይባላል። የዚያ ግንቦት መድረክ ይህን ገልብጦታል። የተጠሩት አዋቂዎች በአብዛኛው የሕግ አዋቂዎች ነበሩ፣ የመድረኩም ሰፊ ጊዜ በሕግ ጥያቄ ላይ ዋለ። እኔ ግን እንደ ሙያዬ ጆሮዬን አቁሜ የጠበቅሁት ሌላ ጥያቄ ነበር። በእውኑ በዚህ በሽታ ውስጥ ምርጫ ማድረግ አይቻልም ወይ? በምን ቅድመ ሁኔታ፣ በምን ወጪ፣ በምን ያህል አደጋ? ደቡብ ኮሪያ በሚያዝያ 7 ቀን፣ መራጩን እያራራቀች፣ ሙቀት እየለካች፣ ጓንት እያደለች አገር አቀፍ ምርጫ አድርጋ ነበር። ማላዊ ፍርድ ቤት የሰረዘባትን የፕሬዚዳንት ምርጫ በሰኔ 16 ደገመች። ያው የማላዊ ፍርድ ቤት በሚያዝያ ወር፣ ለድሃው ምን እንደሚደረግለት ሳይታሰብ የታወጀውን የእንቅስቃሴ ገደብ አግዶ ነበር። ኮሪያ ሀብታም ናት፣ ማላዊ ትንሽ ናት፤ እኛ እንደ እነሱ ማድረግ ነበረብን አልልም። ማመዛዘኑ ግን የጤና ሰዎች ቆመው በመስቀለኛ ጥያቄ የሚፈተኑበት ነገር ቢሆን ኖሮ እላለሁ።

የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰኔ 3 ቀን በ114 ድጋፍ፣ በ4 ተቃውሞና በአንድ ድምፀ ተአቅቦ ወሰነ። በሽታው የሕዝብ ጤና ስጋት መሆኑ ማብቃቱ ሲረጋገጥ፣ ከዚያ ከ9 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ምርጫው ይደረግ፣ እስከዚያ ያሉት ምክር ቤቶች ይቀጥሉ አለ። የምክር ቤቱ አፈ ጉባዔ ከሁለት ቀን በፊት ሥልጣናቸውን ለቀው ነበር። ትግራይ ጳጉሜን 4 ቀን የራሷን ምርጫ አካሄደች፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤት አስቀድሞ እንዳልተፈጸመ ይቆጠራል ብሎት ነበር። በጥቅምት 2013 ጦርነት ተነሣ። ጦርነቱ ብዙ ሥር አለው፤ በአንድ ትርጉም ላይ የማላክከው ነገር አይደለም። ነገር ግን «ዘመኑ ያበቃ» እና «ዘመኑ የተራዘመ» የሚሉት ሁለት ቃላት በዚያ ዓመት ከሁለቱም ወገን አፍ አልጠፉም።

ወደ ልዩ አዋቂው ልመለስ። ውሳኔው ሰዓቱን ያሰረው በጤና ሰዎች ቃል ነው፦ ስጋቱ አብቅቷል ሲባል ቆጠራው ይጀምራል። በመስከረም 2013 የጤና ሚኒስቴር ለተወካዮች ምክር ቤት ያቀረበው ሪፖርት ግን ስጋቱ አብቅቷል አላለም። በሽታው አለ፣ ነገር ግን ጥንቃቄ ተደርጎ ምርጫ ማካሄድ ይቻላል አለ። ምክር ቤቱም ተቀበለው። ምርጫው ሰኔ 14 ቀን 2013 ተደረገ፤ ታማሚው ከ2012ቱ ግንቦት ይልቅ እጅግ በዝቶ ሳለ። ማለትም በመጨረሻ መልስ ያገኘው ያ እኔ በግንቦት የጠበቅሁት ጥያቄ ነበር። መልሱ በጊዜው ቢጠየቅ ያው ይሆን ነበር ብዬ አልከራከርም፤ በግንቦት 2012 ስለ በሽታው የምናውቀው ጥቂት ነበር። ጥያቄው ግን ያው ነበር።

አሁን ወደ ራሴ። ይህን ሁሉ ሰው ላይ የምናገረው እኔ ንጹሕ ሆኜ አይደለም።

ለግልግል ጉባዔው የጻፍኩት አስተያየት ስድስት ገጽ ነበር። ስለ ቫይረሱ፣ ስለ መተላለፊያው፣ ስለ አገሮች መዘጋት የጻፍኩት ሁሉ ትክክል ነው። መደምደሚያዬ ግን እንዲህ ይላል፦ «በየካቲት 2012 መጀመሪያ ይህ ክስተት በማንም ሊገመት የሚችል አልነበረም።» ይህን ዓረፍተ ነገር ጓደኛዬ በስልክ ነገረኝ፣ እኔ ጻፍኩት።

የደንበኛው ጠበቃ ወጣት ሴት ነበረች፣ የእኛው ግቢ ልጅ። ጥያቄዋን ስትጀምር እጅግ በአክብሮት ነበር።

«ዶክተር፣ የዓለም ጤና ድርጅት ዓለም አቀፍ የጤና አደጋ ነው ብሎ ያወጀው መቼ ነው?»

«ጥር 21።»

«ዉሃን ከተማ የተዘጋችውስ?»

«ጥር 14።»

«ውሉ የተፈረመው የካቲት 10 መሆኑን ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ።»

ከዚያ አንድ ወረቀት አወጣች። በየካቲት 5 ቀን ለጤና ባለሙያዎች የሰጠሁት ሥልጠና ነበር። ስላይዱ የእኔ ነው፣ ስሜ ከታች አለ። በትልልቅ ፊደል የጻፍኩት ይነበባል፦ «ጥያቄው ይገባል ወይ ሳይሆን መቼ ይገባል ነው።»

«ይህን የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

ቀጥላ የጠየቀችው የባሰ ነበር። «አገራችን በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታን አይታለች። አዲስ አበባ ውስጥ ያን ያህል ሰው አልቋል፤ አልጋ ወራሽ ተፈሪ እንኳ ታመው ተርፈዋል። እኛ ዛሬም ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ አቃጥለን ሰፈሩን እናጥናለን። በየዓመቱ የምናጥንለት ነገር እንዴት ነው ያልተገመተ የሚሆነው?»

ለዚህኛው መልስ ነበረኝ። ከመቶ ዓመት በፊት ወረርሽኝ እንደነበረ ማወቅ ዘንድሮ ይመጣል ብሎ ማወቅ አይደለም። ደግሞም ሕጉ የሚጠይቀው ነጋዴው በተለመደ ሁኔታ ምን ሊገምት ይችል ነበር ብሎ ነው፣ የበሽታ ተመራማሪው ምን ያውቅ ነበር ብሎ አይደለም። ይህ ጥሩ ነጥብ ነው፤ ጓደኛዬን ሊያድንለት የሚችል ነጥብም ነበር። ነገር ግን እኔ የጻፍኩት «በማንም» ብዬ ነው። «በማንም» ውስጥ ደግሞ እኔ ራሴ አለሁበት። ከሰብሳቢው ዳኛ ዓይን ሸሽቼ የጓደኛዬን ፊት አየሁ፤ አንገቱን ደፍቶ ይጽፋል። ከዚያ «ያ ዓረፍተ ነገር ትክክል አይደለም፤ ይሰረዝልኝ» አልኩ።

ጉባዔው የፈረደው እንደዚህ ነው። በሽታው መነሣቱና ቻይና ውስጥ ሥራ ማወኩ ውሉ ሲፈረም የታወቀ ነገር ነበር፤ ስለዚህ ብቻውን አያድንም። በኋላ በመንግሥት ትእዛዝ ማጓጓዣ የቆመባቸው ቀናት ግን ከቅጣቱ ይቀነሱ። አስመጪው ብዙ ገንዘብ ከፈለ። ጓደኛዬ ደረጃው ላይ «ሠላሳ ዓመት የማውቅህ አንተ ነህ?» ብሎኝ ሄደ። ወጣቷ ጠበቃ ከኋላዬ ደርሳ «ጋሼ፣ አይቀየሙኝ» አለችኝ። አልተቀየምኳትም። እንዲያውም ክፍያዬን የመለስኩት እሷን ካገኘሁ በኋላ ነው።

ለረጅም ጊዜ ጥፋቴ ጓደኛዬን መክዳቴ ይመስለኝ ነበር፤ በመስቀለኛ ጥያቄ ላይ ባልዋሽም አንገቱን አስደፍቼዋለሁ። አሁን የሚታየኝ ሌላ ነው። የከዳሁት ስልኩን ያነሣሁ ቀን ነው። «ማንም ሊገምተው አይችልም ብለህ ጻፍ» ሲለኝ፣ «ይህ የእኔ ሥራ አይደለም፤ እኔ ምን፣ መቼ፣ በማን ዘንድ እንደታወቀ ልንገራቸው፤ ሕጋዊ ስሙን አንተ ተከራከርበት» ማለት ነበረብኝ። እንደዚያ ብለው አስተያየቴ ለእሱም የተሻለ ይጠቅመው ነበር። ነጋዴው ከሐኪሙ ያነሰ ያውቃል የሚለውን ክርክር ያበላሸሁበት እኔ ነኝ፣ በጎንነት መስዬ።

በዩኒቨርሲቲያችን ላላችሁ መምህራን አንድ ልመና አለኝ። የጤና፣ የምህንድስና፣ የሒሳብ ተማሪዎቻችን ነገ ፍርድ ቤት ይጠራሉ። የሕግ ተማሪዎቻችን ደግሞ ይጠሯቸዋል። ሁለቱ ግን ግቢ ውስጥ ሳሉ በአንድ ክፍል ተቀምጠው አይተዋወቁም። ከሁለቱ ክፍሎች አንዳንድ ቡድን ተውጣጥቶ፣ አንዱ ሲመሰክር ሌላው ሲጠይቅ፣ አንድ ሴሚስተር ቢለማመዱ ምን ይከብዳል? እኔ ሥልጠናዬን እስከ ሦስተኛ ዲግሪ ስጨርስ፣ «ይህን አላውቅም፣ ይህ የእኔ ጥያቄ አይደለም» ማለትን ያስተማረኝ ክፍል አልነበረም። የተማርኩት ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ሲል፣ በግልግል ጠረጴዛ ላይ፣ ልጄ ከምትሆን ጠበቃ ነው።

የግንኙነቱ እራት የመቀመጫ ዝርዝር ሲመጣልኝ ከጓደኛዬ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ እንዳደረጉን አየሁ። አዘጋጆቹ ምንም አያውቁም፤ ያስቀመጡን እንደ ድሮው በክፍል ቁጥራችን ነው። መቀየር ትችላላችሁ ብለዋል። እኔ አልቀየርኩም። ዝርዝሩ ትናንት በድጋሚ ሲላክ የእሱም ስም እዚያው ነበር።